ወፍ ብንቈጥር ለማን እንቈጥር?

ባለፈው ጥር፣ የሴሚስተሩ ፈተና ባለቀ ማግስት፣ ለጥምቀት ወደ መንዝ እንደምሄድና ሁለት ቀን ያህልም ጓሳ ላይ ወፍ ስመለከት እንደምሰነብት ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። አንደኛው «ወፍ የለም!» አለና ክፍሉን በሳቅ ሞላው። ሁለተኛው ግን ነገር ማክረር የሚወድ ሰው ነውና «ወፍ መቍጠር የጠገበ ፈረንጅ ሥራ ነው። የመንዝ ገበሬ የሚበላው ሲያጣ አንተ የአሞራ ላባ ትቈጥራለህን?» ሲል ጠየቀኝ። የፊተኛው ቀልድ ነበርና አልፌዋለሁ። የኋለኛው ግን ቀልድ አይደለም። በዚያን ዕለት የረባ መልስ ስላልሰጠሁት ዛሬ በዚህች መጽሔት ለእርሱም ለሌሎቻችሁም አስተያየቴን ለመግለጽ ተነሥቻለሁ።

ነገሩ የፈረንጅ ነው መባሉ ግማሽ እውነት አለበት። ባሕር ባላቸው አገሮች ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ሰፊ ጭቃማ ሥፍራ አለ። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ በጭቃው ውስጥ ያለውን ትልና ቀንድ አውጣ ለመልቀም እግረ ረጃጅም ወፎች በሺህ እየሆኑ ይሰፍሩበታል። በዳሩ ባለው ሣር ላይ ደግሞ ከሰሜን በረዶ የሸሹ ዝይዎች ይግጣሉ። ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ አስተማሪው ካፖርቱን ደርቦ፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽሩን ባንገቱ አንጠልጥሎ በብርድ ቆሞ ይመለከታቸዋል። በእንግሊዝ አገር የሴቨርን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አጠገብ፣ ስሊምብሪጅ በተባለ ቦታ፣ ፒተር ስኮት በ1946 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የውሃ ወፎች መጠበቂያ ዛሬም አለ። አሜሪካኖች ቀድሞ በገና ሰሞን ቡድን ለይተው ወደ ዱር እየወጡ ብዙ የገደለው ቡድን አሸናፊ የሚባልበት የአደን ጨዋታ ነበራቸው። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የወፍ ዐዋቂ በ1900 እ.ኤ.አ. «ከመግደል ይልቅ እንቍጠር» ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ያ ቈጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል። ከ1967 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቈጠራ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር አጋማሽ ይደረጋል። ያ ወቅት በእኛ አቈጣጠር የጥምቀት ሰሞን መሆኑን ልብ ይሏል።

የቀረው ግማሽ እውነት ግን ወፎቹ የፈረንጅ አለመሆናቸው ነው። በትምህርት ቤት «ዊንተር» የሚለውን ቃል «ክረምት» እያልን በመተርጐማችን ብዙ ነገር ተሰውሮብናል። የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። የእነርሱ ምድር በረዶ ለብሶ ትሉም አይጡም ሲደበቅ፣ የእኛ ሜዳ ዝናቡን ጠጥቶ፣ እህሉን አሳጭዶ ፀሐይ ይሞቃል። ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ይመጣሉ። በካዛክስታንና በሩሲያ ሜዳ የሚፈለፈለው የስቴፕ ንስር በጥቅምትና በኅዳር የባብ ኤል መንደብን ጠባብ ባሕር ተሻግሮ ይገባል። በሜዳው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ዝቅ ብሎ የሚያንዣብበው ቀጭን ጭልፊት፣ ከብት እግር ሥር እየሮጠች ጅራቷን የምትወዘውዘው ባለ ቢጫ ደረት ትንሽ ወፍ፣ ከረግረጉ ድንገት ተነሥቶ እየተጠማዘዘ የሚበረው ረጅም ምንቃር፣ እነዚህ ሁሉ እስከ መጋቢት ድረስ ከእኛ ጋር ናቸው። ከዓመቱ እኩሌታውን በአገራችን የሚኖር ፍጥረት የማን ነው ልንል ነው? ፓስፖርት የለውምና ፍርዱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ መሐል ሜዳ የሄደ ሁሉ ጓሳን ያውቀዋል፤ ወይም ያወቀው ይመስለዋል። አውቶቡሱ ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ ሽቅብ ከወጣ በኋላ መንገዱ ጓሳን ሰንጥቆ ያልፋል። ተሳፋሪው በዚያ ሰዓት ወይ ተኝቷል፣ ወይ ብርዱን ፈርቶ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል። የነቃውም ቢሆን የሚፈልገው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርሰው፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ ምድር ለመስኮት ተመልካች ሣርና ጉም ብቻ ነው። በየጉድባው መካከል ያለውንማ ረግረግ ማን ልብ ብሎት? «ረግረግ» ስንል ፊታችንን እናጨማድዳለን። ከብት የሚሰምጥበት፣ መኪና የሚያዝበት፣ ቦይ ተቀዶለት ቢደርቅ ገብስ የሚያበቅል ሥራ ፈት መሬት ነው የምንለው።

እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። በዚያ ጥር ግን ከአጎቴ ልጅ ጋር ገና ሳይነጋ ወጣን። ልጁ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ቢሆን ነው፤ ከብት ይጠብቃል። ውርጩ ሣሩን አንጭቶት እግራችን ሲረግጠው ይንኮሻኮሽ ነበር። ከገደሉ በኩል ጋጋኖዎቹ እየጮኹ መጡ፤ ጋጋኖን የሰማ ሰው ማንቂያ ደወል አያስፈልገውም። ከአገጩ ሥር የተንጠለጠለች ሥጋ አለችው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። ብርሃን ሲሆን ረግረጉ ዳር ዝይዎቹን አየናቸው። ግራጫ ቡናማ ናቸው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጀርባቸው ላይ አስተኝተው ብርድ እንደ መታው ሽማግሌ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፤ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ግን እንደ ሰማይ ያለ ሰማያዊ ብቅ ይላል። ይህ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር አገር የለውም። እኔ በመነጽሬ ቈጥሬ «ዘጠኝ» አልሁ። ልጁ ያለ መነጽር «ዐሥራ አንድ» አለኝ። ሁለቱ ሣር ውስጥ ተኝተው ኖሯል።

ቀጥሎ ከሣሩ ሥር አንዲት ቡናማ ወፍ ወጣች። ዶሮ ትመስላለች፤ በተራመደች ቍጥር ጅራቷን ሽቅብ ትመታለች፣ ከሥሩም ነጭ ይታያል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመውን የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መመሪያ ገልጬ ሥዕሏን አሳየሁት። ልጁ «ስሟ ማን ይላታል?» አለኝ። በእንግሊዝኛው ስሟ ሩዤ በሚባል ሰው የተሰየመች መሆኗን ነገርሁት። «የሰው ስም?» አለና ሳቀ። «ሰውየው የመንዝ ሰው ነው?» አይደለም አልሁት። እርሱ ወፏ ምን እንደምትበላ፣ በየትኛው ወር እንደምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿ ምን እንደሚመስሉ ነገረኝ። እኔ የነገርሁት የአንድ ባዕድ ሰው ስም ነበር። እንግዲህ ከሁለታችን ማናችን ነበርን ተማሪው?

ማታ ቤት ገብተን እሳት ስንሞቅ ይህንኑ ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ተረክሁላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ይሁን፣ ልጄ፤ ቈጥረህ ስታበቃ ለማን ነው የምትነግረው?» አሉኝ። «ለመምህሬ፣ ጋሼ» አልኋቸው። «እሱስ ለማን ይነግረዋል?» «መጽሐፍ ቤት ይቀመጣል።» «በምን ቋንቋ?» «በእንግሊዝኛ ነው።» ሽማግሌው ነገሩን አላራዘሙትም። እሳቱን ቆስቆስ አድርገው «እንዲያ ከሆነ ጓሳ አይሰማውማ» አሉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው ያለው።

ጓሳን እስከ ዛሬ ያቈየው የዩኒቨርሲቲ ዕውቀት አይደለም። ያቈየው ቀሮ የሚባለው የመንዝ ሕግ ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ጀመረ የሚነገርለት ይህ ሥርዐት መሬቱን በአስቦና በገራ ዘሮች መካከል የከፈለ ነበር። ተጠቃሚዎቹ የመረጡት አለቃ «ተዘግቷል» ሲል ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪደርስም አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ከብት አይሰማራበትም፣ ማጭድ አይገባበትም። «ተከፍቷል» ሲል ደግሞ በበጋው ልብ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለገሳው ሣር ይታጨዳል፣ ለማገዶ ቍጥቋጦ ይቈረጣል፣ ከብቱም ይገባል። ዝናቡ ሲጀምር ተመልሶ ይዘጋል። ማንም ስለ ወፍ አላሰበም። የታሰበው ስለ ሣር ነው። ዳሩ ግን ሣሩ ሲጠበቅ ረግረጉ ተጠበቀ፣ ረግረጉ ሲጠበቅ ዝይው ጎጆ አገኘ፣ ፍልፈሉና አይጡ ሲበዛም የሩቅ አገሩ ንስር ምሳው ተዘጋጅቶለት ጠበቀው።

ቀሮን ስናመሰግን ግን እውነቱን አንሸፋፍን። የርስተኞች ሕግ ነበር፤ ከአስቦና ከገራ ያልተወለደ ከበሩ ውጭ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ሲወጣ ይህ አድልዎ ቀረ፤ መቅረቱም ትክክል ነበር። ይሁንና በሩን ለሁሉ ሲከፍት ቁልፉን የሚይዝ ሰው አላስቀመጠም። በጋራ የተያዘ ነገር «ተዘግቷል» የሚል ባለቤት ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ የመኝታ ክፍላችንን የጋራ መታጠቢያ ማየት ይበቃል። ደግነቱ የጓሳ ዙሪያ ቀበሌዎች ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። ከየቀበሌው የተውጣጣ ምክር ቤት አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ጠባቂ ሰይመው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርገውታል። በዚህኛው ደንብ የዘር ሐረግ አይቈጠርም።

አሁን ከጓሳ ወደ ሐረርጌ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም የዕውቀትና የቁልፍ ልዩነት ከዚያ ይልቅ የሚታይበት ቦታ አላውቅም። የሐረማያ ሐይቅ የነበረው ከእርሻ ኮሌጅ አጠገብ ነው። በአገራችን ስለ አፈርና ስለ ውሃ የተማረ ሰው በብዛት ከሚገኝበት ግቢ በእግር የሚደረስ ሐይቅ ማለት ነው። የሐረር ከተማ ትጠጣው ነበር፣ የጫትና የአትክልት እርሻ በፓምፕ ይስበው ነበር፣ ከተራቈተው ኮረብታ የሚታጠበው አፈር ይደለድለው ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውሃው በከፊል ተመልሶለታል፤ ይህ ደስ ያሰኛል። ግን ፊደል የማይቈጥሩ ሽማግሎች የጠበቁት ረግረግ ሲኖር፣ በምሁራን ደጃፍ የነበረ ሐይቅ ደረቀ። ጥፋቱን በምሁራኑ ላይ መጫኔ አይደለም፤ «ፓምፑ ይቁም» የማለት ሥልጣን አልነበራቸውም። ዕውቀቱ አንድ ቦታ፣ ፓምፑ ሌላ ቦታ፣ ቁልፉ ደግሞ የትም አልነበረም።

እንግዲህ ለጓደኛዬ ጥያቄ ልመለስ። ገበሬው እየተራበ ወፍ መቍጠር ነውር ነው ይለኛል። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ በልግ ሲቀር ቤታችን ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ አላነበብሁትም። ዳሩ ግን በዚያ ጊዜ ሰው ከብቱን ወዴት ይነዳል? ወደ ጓሳ ነው። ረግረጉ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ጎተራ ነው። ከጓሳ ተረተር ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በጀማ በኩል አባይን፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው አዋሽን ይቀላቀላል። ቦይ ተቀዶለት የደረቀ ጨፌ ሁለት ሦስት ዓመት ጥሩ ገብስ ይሰጥ ይሆናል፤ ከታች ያለው ምንጭ ግን በየካቲት ይነጥፋል። ይህን የምለው ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። ልጁ መሬት ያነሰው ሰው ቦይ ቢቀድ ምን ይፈረድበታል? የሚፈረድብንስ በእኛ ነው፤ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ በሚገባው ቋንቋ ቍጥሩን ያልነገርነው እኛ ነን።

ወፍ የምቈጥረውም ስለዚህ ነው። ውሃ እየቀነሰ መሆኑን ሰው በዓይኑ ሳያየው ዓመታት ያልፋሉ፤ ወፍ ግን ቀድማ ታውቃለች፣ አውቃም ትሄዳለች። ዘንድሮ ዐሥራ አንድ የነበረው ለከርሞ ስድስት፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ከሆነ፣ ምክር ቤቱ ሸንጎ ተቀምጦ ሊመክርበት የሚችል ነገር አገኘ ማለት ነው። ደግሞም አደጋው ጓሳ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ጓሳስ ጠባቂ አለው። በየመንደሩ ዳር ያሉት ትናንሽ ጨፌዎች፣ ከመንዝ ገደል ማዶ በቦርከና ወንዝ ዳር እስከ ከሚሴ የተዘረጋው የጨፋ ረግረግ፣ እነዚህ «ተዘግቷል» የሚልላቸው ያሻቸዋል።

አቈጣጠሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ሰዓት መሆን አለበት። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ መቆም ነው። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ለየብቻ ቈጥረው ኋላ ያስተያያሉ፤ አንዱ የአገሬው እረኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን ከላይ ተናግሬአለሁ። መንጋው ብዙ ከሆነ ዐሥሩን ለይቶ ዓይንን በዐሥር ዐሥር ማስኬድ ነው። ዝይው አንገቱን ቀና አድርጎ መራመድ ከጀመረ አልፋችሁ ቀርባችኋልና ወደ ኋላ ተመለሱ። ያልታየውም ይጻፍ፤ «የለም» ራሱ ቍጥር ነው። የከብቱ ብዛትና አዲስ የተቀደደ ቦይ ካለም አብሮ ይመዝገብ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን በእንግሊዝኛ መጻፋችን ግድ ከሆነ እንጻፍ። ግን ያው ቍጥር ባንዲት ገጽ በአማርኛ ተጽፎ፣ መምህሩ ሳይፈርምበት በፊት፣ ቁልፉን ለያዙት ለጓሳ ሽማግሎች ይነበብላቸው። የወፎቹ ስም እረኞቹ በሚጠሩበት ስም ይጻፍ፤ ስሙ ከመንደር መንደር ቢለያይ ሁለቱም ይጻፉ። ከእኛ መካከል አንዳንዱ ይህን «ሳይንስ አይደለም» ይል ይሆናል። ሽማግሌው «ጓሳ አይሰማውማ» ያሉት ሳይንስስ ምን ይባላል?

ባለፈው ጥር የቈጠርሁትን በአንድ ሉክ ወረቀት ጽፌ ለእኒያ ሽማግሌ ልኬላቸዋለሁ። የአጎቴ ልጅ እያነበበ ያሰማቸዋል። በጋጋኖው ላይ ስሕተት እንዳለብኝ፣ ሁለት ጊዜ የቈጠርሁት አንዱን መንጋ መሆኑን አስጽፈው መልሰውልኛል፤ አርሜዋለሁ።

ለመጪው ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ ማግስት፣ ከጣርማ በር የሚነሣውን የጠዋት አውቶቡስ ይዘን እንወጣለን። እስካሁን አራት ሰዎች ነን፤ መነጽራችን ግን ሁለት ብቻ ነው። መነጽር ያለው፣ ወይም ብርድ የማይፈራ እግር ያለው፣ ስሙን በዚህች መጽሔት ዝግጅት ክፍል ይተውልን። ጋቢ ይዞ መምጣት አይዘንጋ።